ከዋክብት በምን ሚዛን ይመዘናሉ?

በድሬዳዋ ከተማ፣ በመጋላ በኩል ባለው በቀፊራ ገበያ፣ ሽንኩርቱም ማሽላውም ቡናውም ተመዝኖ ይሸጣል። ገዥና ሻጭ ባይተዋወቁ፣ አንዱም የሌላውን ቋንቋ አጣርቶ ባያውቅ እንኳ፣ ሚዛኑ በመካከላቸው ቆሞ ያስማማቸዋል። ለመመዘን ግን ምንጊዜም ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም የሚመዘነው ዕቃና በአንጻሩ የሚቀመጠው የሚዛን ድንጋይ ነው። ብቻውን የተቀመጠውን ዕቃ በዓይኑ አይቶ ክብደቱን ቍርጥ አድርጎ ሊናገር የሚችል ሰው አይገኝም።

የሰማይም ነገር እንደዚሁ ነው። ብቻውን የቆመ ኮከብ የቱን ያህል ቢያበራ ክብደቱን በቀላሉ አይነግረንም። ከአጠገቡ ሌላ ኮከብ ኖሮ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ ሲዞሩ ባገኘን ጊዜ ግን፣ አንዱ ለሌላው የሚዛን ድንጋይ ይሆነዋል። ሊቃውንት የከዋክብትን ክብደት ከሁሉ አስቀድመው የተማሩት ከእነዚህ ጥንድ ከዋክብት ነው። የዛሬው ንግግራችንም ይህ ሥራ በምን ዐይነት እንደሚከናወን ለማስረዳት የታሰበ ነው። በውጭ አገር ስለ ተደረገው ሥራ የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፣ የአገራችን ዘመን ግን «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ተጨምሮበታል።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለምትገኝ፣ በእርሷ የሚኖር ሰው የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ለማየት የታደለ ነው። በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ የመንገድና የሱቅ መብራት ከማይበዛበት ስፍራ ቆመው ፊትዎን ወደ ሰሜን ቢያዞሩ፣ እንደ ተገለበጠ ጭልፋ ሆነው የተሰለፉ ሰባት ከዋክብት ያያሉ። ከጭልፋው እጀታ ጫፍ ሁለተኛው ኮከብ ሚዛር ይባላል። በዚያው ሰዓት ወደ ደቡብ ቢመለሱ ደግሞ፣ ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳይሉ ጐን ለጐን የቆሙ ሁለት ደማቅ ከዋክብት ያገኛሉ። በግራ በኩል ያለው፣ ይበልጥ የሚያበራው፣ አልፋ ሴንታውሪ ነው። በለንደን የሚኖር ሰው አልፋ ሴንታውሪን ከቶ አያየውም፤ በኬፕ ታውን የሚኖርም ሚዛርን ደኅና አድርጎ ለማየት አይችልም። ሁለቱም ለዓይን አንድ አንድ መስለው ይታያሉ እንጂ፣ በቴሌስኮፕ ሲመረመሩ እያንዳንዳቸው ሁለት ሆነው ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ሁለት ከዋክብት ተጠጋግተው መታየታቸው ብቻ ዝምድና እንዳላቸው አያረጋግጥም። ከመጋላ መንገድ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የአንድ መስጊድ ሚናራና ከበስተኋላው ያለው የተራራ ጫፍ ተጣብቀው ሊታዩት ይችላሉ፤ በመካከላቸው ግን ብዙ ርቀት አለ። ጆን ሚሼል የተባለው እንግሊዛዊ በ1767 ጉዳዩን በሒሳብ መርምሮ፣ ተጠጋግተው የሚታዩት ከዋክብት ቍጥር በአጋጣሚ ብቻ ሊሆን ከሚችለው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳየ። ከእርሱም በኋላ ዊልያም ሄርሼል ከ1779 ጀምሮ ጥንድ ከዋክብትን እየፈለገ መመዝገብ ያዘ። የሄርሼል ሐሳብ የከዋክብትን ርቀት ለማወቅ ነበር፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የቀድሞ መዝገቡን ከአዲሱ ልኬት ጋር ሲያስተያይ፣ ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ካስተርን የመሰሉ አንዳንድ ጥንዶች አንዱ ኮከብ በሌላው ዙሪያ ፈቀቅ ብሎ ነበር። በ1803ም ይህን ለዓለም አስታወቀ።

አለካኩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ተመልካቹ ደማቁን ኮከብ መነሻ አድርጎ ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው፣ ጓደኛው ኮከብ ከሰሜን አቅጣጫ ተነሥቶ ሲቈጠር በስንተኛው ዲግሪ ላይ እንደሚገኝ ነው፤ ሁለተኛው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ስንት እንደ ሆነ ነው። ከእነዚህም ጋር ቀኑን ይጽፋል። ክፍተቱ የሚነገረው በሰከንድ ነው፤ ይኸውም የጊዜ ሰከንድ ሳይሆን የማዕዘን ሰከንድ፣ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ነገር ከ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ ለዓይን የሚኖረው ስፋት አንድ ሰከንድ ያህል ይሆናል።

ሥራውን የሚያከብደው አየሩ ነው። በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ በጋለው የባቡር ሐዲድ ላይ አየሩ ሲርገበገብና ከወዲያ ያለውን ነገር ሲያንቀጠቅጠው አይተው ይሆናል። በሌሊትም ቢሆን ከበላያችን ያለው አየር የከዋክብትን መልክ እንዲሁ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ የጥንቶቹ ተመልካቾች አንዱን ጥንድ በብዙ ሌሊት ደጋግመው እየለኩ አማካዩን ይወስዱ ነበር። በ1970 ፈረንሳዊው አንትዋን ላቤሪ እጅግ አጫጭር የሆኑ ብዙ ፎቶግራፎችን አንሥቶ በማጣመር የአየሩን መርገብገብ የሚያሸንፍ ዘዴ አወጣ። በ2013 መጨረሻ ወደ ጠፈር የተላከውና ልኬቱን በ2025 የፈጸመው ጋያ የተባለው የአውሮፓ መንኰራኵር ደግሞ አየር በሌለበት ሥፍራ ሆኖ ለካ።

ልኬቶቹ በብዙ ዓመታት ሲጠራቀሙና በወረቀት ላይ በነጥብ ሲመለከቱ፣ ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ሞላላ መሥመር ይሠራሉ። ይህ የጓደኛው ኮከብ ምሕዋር ነው። ነገር ግን የምናየው ሞላላ እውነተኛው ላይሆን ይችላል። ሰፌድ ከፊት ለፊት ሲያዩት ክብ ነው፤ ዘንበል ቢያደርጉት ግን ሞላላ ይመስላል። ምሕዋሩም ወደ እኛ ምን ያህል እንደ ዘነበለ ለማወቅ ሊቃውንት የኬፕለርን ሕግ ይጠቀማሉ። በዚህ ሕግ መሠረት ዋናው ኮከብ በእውነተኛው ሞላላ ውስጥ ለይቶ የሚታወቅ ቦታ አለው። በሚታየው ሞላላ ውስጥ ከዚያ ቦታ ፈቀቅ ብሎ ቢገኝ፣ የፈቀቅታው መጠን የምሕዋሩን መዝመም ይገልጻል። ፌሊክስ ሳቫሪ የተባለው ፈረንሳዊ በ1827 በዚህ ዐይነት የመጀመሪያውን የጥንድ ከዋክብት ምሕዋር አስልቶ፣ በትልቁ ድብ ከዋክብት ውስጥ ያለ አንድ ጥንድ በ60 ዓመት ገደማ አንድ ዙር እንደሚፈጽም አሳየ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ለምሳሌ የምንወስደው ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁን፣ ዐረቦች ሺዕራ የሚሉትን ሲሪየስን ነው። በየካቲት ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በስተ ደቡብ ከፍ ብሎ ሲያበራ ይታያል። የሲሪየስ ጓደኛ በ50.1 ዓመት አንድ ዙር ይዞራል፤ የሁለቱም አማካይ ክፍተት ከምድር ሲታይ 7.5 ሰከንድ ነው። ይህን ክፍተት ወደ እውነተኛ ርቀት ለመለወጥ ኮከቡ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ጣትዎን አቁመው በግራና በቀኝ ዓይንዎ እያፈራረቁ ቢያዩት ጣቱ ቦታውን የለወጠ ይመስላል፤ ምድርም በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ቅርብ የሆኑት ከዋክብት እንዲሁ ፈቀቅ ሲሉ ይታያሉ። ከዚህም ፈቀቅታ የተነሣ፣ በሲሪየስ ሆኖ ወደ እኛ የሚመለከት ሰው ቢኖር ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት 0.379 ሰከንድ ሆኖ ይታየው እንደ ነበር ታውቋል።

እንግዲህ 7.5ን ለ0.379 ስናካፍል 19.8 ይሆናል። ይህም ማለት በሁለቱ ከዋክብት መካከል ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ የምትርቀውን 19.8 ጊዜ ያህል ነው። የኬፕለርና የኒውተን ሕግ እንደሚያዝዘው፣ 19.8ን በራሱ ሦስት ጊዜ ደርድረን ስናባዛው 7762 እናገኛለን፤ 50.1ን በራሱ ስናባዛው ደግሞ 2510 ይሆናል። የፊተኛውን ለኋለኛው ስናካፍል 3.1 ያህል ይወጣል። ይህ የሁለቱ ከዋክብት ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ፀሐይን አንድ ብለን ብንቈጥር ሁለቱ በአንድነት ከሦስት ፀሐይ ጥቂት ይበልጣሉ ማለት ነው። ሰማይን የመዘነው ስሌት ማንኛውም የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ሊፈጽመው የሚችል ማባዛትና ማካፈል ነው።

ክብደቱን ለሁለቱ ለማከፋፈል ግን ሌላ መንገድ አለ። በአንድ አግዳሚ እንጨት ሁለት ጫፍ ላይ እኩል ያልሆነ ሸክም ቢንጠለጠል፣ እንጨቱ ሚዛኑን የሚጠብቀው ድጋፉ ወደ ከባዱ ሸክም ሲጠጋ ነው። ሁለቱ ከዋክብትም የሚዞሩት በመካከላቸው ባለው እንዲህ ባለ የሚዛን ነጥብ ዙሪያ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪድሪኽ ቤሰል በ1844 ሲሪየስ በሰማይ ላይ ሲሄድ ወዲህና ወዲያ እንደሚወላገድ አስተውሎ፣ ያልታየ ጓደኛ አለው ሲል ተናገረ። ያን ጓደኛ በ1862 አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ ቴሌስኮፕ ሲሞክር አየው። ከሚዛኑ ነጥብ ጓደኛው የሚርቀው ሲሪየስ ከሚርቀው እጥፍ ያህል ስለ ሆነ፣ ክብደቱ የሲሪየስ ግማሽ ነው። ስለዚህ ሲሪየስ ሁለት ፀሐይ፣ ጓደኛውም አንድ ፀሐይ ያህል ይመዝናሉ።

ከዚህ ልኬት የወጣው ውጤት ሊቃውንቱን አስደነቀ። የሲሪየስ ጓደኛ የፀሐይን ያህል ቢመዝንም፣ ስፋቱ የምድራችንን ያህል እንኳ አይሞላም። ከእርሱ አንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ ማለት የጣት ጫፍ የምታህል ቍራጭ፣ ወደ ቀፊራ መጥታ ብትመዘን በአማካይ ከ20 ኩንታል በላይ በሆነች ነበር። እንዲህ ያሉት ከዋክብት ነጭ ድንክ ይባላሉ፤ ነዳጃቸውን ጨርሰው የተጨማደዱ የከዋክብት ቅሪት ናቸው። የእኛም ፀሐይ ፍጻሜ ይኸው ነው።

ብዙ ጥንዶች ግን እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሣ በቴሌስኮፕ እንኳ አይለዩም። ለእነዚህ የሚያገለግለውን ዘዴ የድሬዳዋ ሰው በጆሮው ያውቀዋል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ፣ ባቡር እየጮኸ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ብሎ፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ወፈር ብሎ እንደሚሰማ ለከተማው ነዋሪ እንግዳ ነገር አልነበረም። ክርስቲያን ዶፕለር የዚህን ምክንያት የገለጸው በ1842 ሲሆን፣ የሚያስገርመው የጽሑፉ ርእስ ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም የሚናገር መሆኑ ነው። በ1845ም በሆላንድ አገር ቦይስ ባሎት የተባለው ሊቅ ጥሩምባ ነፊዎችን በባቡር ላይ አሳፍሮ፣ ሙዚቃ ዐዋቂዎችን በሐዲዱ ዳር አቁሞ ነገሩን ፈተነው፤ እውነት ሆኖም ተገኘ።

ዶፕለር የከዋክብት ቀለም ልዩነት ከሩጫቸው የመጣ ነው ማለቱ አልሠመረም፤ ሕጉ ግን ጸና። የኮከብ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲበተን በቀለማቱ መካከል ቀጫጭን ጥቋቍር መሥመሮች ይታያሉ። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ መሥመሮቹ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቀን ወደ ቀዩ በጥቂቱ ፈቀቅ ይላሉ፤ ከፈቀቅታውም ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ይታወቃል። በ1889 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፒከሪንግ የሚዛር ደማቁ አካል መሥመሮች አንድ ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ሌላ ጊዜም ተመልሰው አንድ እየሆኑ እንደሚታዩ አስታወቀ። አንድ የመሰለው ኮከብ በ20 ቀን ተኩል ገደማ አንድ ዙር የሚፈጽሙ ሁለት ከዋክብት ነበር።

ፍጥነቱ ቢታወቅም የምሕዋሩ መዝመም ካልታወቀ ስሌቱ አይሟላም። ይህን ጕድለት የሚሞሉት አንዱ ሌላውን የሚጋርዱ ጥንዶች ናቸው። ከነዚህም የታወቀው አልጎል ነው። ስሙ ከዐረብኛው «ራስ አል-ጉል» የመጣ ሲሆን ትርጕሙ የጭራቅ ራስ ማለት ነው። በ1782 በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ጆን ጉድሪክ የተባለ፣ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት ወጣት አልጎል በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ እየደበዘዘ እንደሚመለስ ማስተዋል ጀመረ። በሚከተለው ዓመትም አንድ ጨለማ አካል በፊቱ እያለፈ የሚጋርደው ሊሆን ይችላል ሲል ጻፈ። ወጣቱ በ21 ዓመቱ ሞተ። በ1889 ጀርመናዊው ሄርማን ፎገል የአልጎልን ፍጥነት ለክቶ ጉድሪክ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ።

አንዱ በሌላው ፊት ካለፈ ምሕዋሩን ከጐኑ እያየነው ነው ማለት ስለ ሆነ፣ የመዝመሙ ጥያቄ ተፈታ። ከዚህም በላይ የከዋክብቱ ስፋት ይታወቃል። የባቡሩን ፍጥነት የሚያውቅ ሰው፣ ባቡሩ በአንድ ምሰሶ ፊት አልፎ እስኪጨርስ የፈጀውን ጊዜ ቢቈጥር፣ ባቡሩን ሳይለካ ርዝመቱን ያውቃል። በአልጎል ላይ የተደረገው ይኸው ነው። ከባዱ ኮከብ ከፀሐይ 3.2 እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ቀላሉ ደግሞ 0.7 ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በዕድገቱ ገፍቶ ያበጠው ቀላሉ ኮከብ ነው። የከበደ ኮከብ ቶሎ ያረጃልና ይህ በመጀመሪያ ግራ የሚያጋባ ነበር። መፍትሔው፣ ዛሬ ቀላል የሆነው ቀድሞ ከባድ እንደ ነበረና ሲያብጥ አካሉን ለጓደኛው እንዳፈሰሰለት መረዳት ሆነ።

የከበደ ኮከብ ቶሎ ያረጃል ስንል ምክንያቱን በደመወዝተኛ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ሲሪየስ ከፀሐይ እጥፍ ይመዝናል፤ የሚያፈሰው ብርሃን ግን የፀሐይን 25 እጥፍ ያህል ነው። ደመወዙ የጎረቤቱ እጥፍ ሆኖ ወጪው 25 እጥፍ የሆነ ሰው ገንዘቡ ከጎረቤቱ አስቀድሞ እንደሚያልቅ ግልጽ ነው። ፀሐይ በጠቅላላው 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስታበራ፣ ሲሪየስ ግን ከዚህ አንድ ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ይቈያል። አርተር ኤዲንግተን በ1924 ይህን በክብደትና በብርሃን መካከል ያለውን ዝምድና ሲያስረዳ፣ ማስረጃው የተገኘው ባመዛኙ ከጥንድ ከዋክብት መዝገብ ነበር። ዛሬ ብቻውን ስለሚኖር ኮከብ ክብደትና ዕድሜ የሚነገረው አብዛኛው ነገርም በነዚህ ጥንዶች ልኬት ላይ የተመሠረተ ነው።

ክቡር አንባቢ፤ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከመሣሪያው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው መዝገቡ ነው። የአልፋ ሴንታውሪ ሁለት ከዋክብት አንድ ዙር የሚፈጽሙት በ80 ዓመት ገደማ ነው። ይህም በባሕረ ሐሳብ ማዕከላዊ ቀመር ከሚባለው ከ76 ዓመት ጥቂት ይበልጣል፤ ሥራውን በጕልምስናው የጀመረ ሰው መጨረሻውን አያይም። ካስተር ደግሞ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ስለሚፈጅ፣ ከሄርሼል ዘመን እስከ ዛሬ የዞረው ገና ግማሹን ያህል ነው። ቪልሄልም ስትሩቨ በ1827 ከ3000 በላይ ጥንዶችን መዝግቦ አሳተመ፤ በ2022 የወጣው የጋያ መዝገብ ከ800 ሺህ በላይ ጥንዶችን ይዟል። አዲሱ መሣሪያ ግን ያለፈውን ጊዜ ሊመልስ ስለማይችል፣ ዝግ ብለው የሚዞሩትን ከዋክብት ምሕዋር የሚያሰላ ሊቅ ዛሬም የሄርሼልንና የስትሩቨን ገጾች ይገልጣል። ከእነዚያ መዝጋቢዎች አንዱ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬው ስሌት በስሕተት ላይ በቆመ ነበር።

በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተቋቁሞ፣ በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ መስተዋታቸው አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት መመልከቻ ተመርቋል። ከምድር ወገብ አጠገብ መሆናችን የሁለቱንም ሰማይ ጥንዶች ከአንድ ስፍራ ለመከታተል ስለሚያስችለን፣ ዛሬ የሚጻፈው ልኬት ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚነሣው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ውርስ ይሆነዋል።

አልጎልን ለመከታተል ግን ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ጉድሪክም በዓይኑ ነበር ያየው። በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በስተ ሰሜን ከፍ ብሎ ይገኛል። በየምሽቱ ከጎረቤቶቹ ከዋክብት ጋር እያስተያዩ፣ ከየትኛው እንደሚደምቅና ከየትኛው እንደሚደበዝዝ ይጻፉ። ድንገት ደብዝዞ ባገኙት ምሽት ብርሃኑ ወደ ሲሶ ያህል ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መጋረዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 10 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየወጡ ይመልከቱ። ሰማዩ ደመና ከሆነም «ደመና ነበር» ብለው ይጻፉ እንጂ በግምት አይሙሉት። በእያንዳንዱ መሥመር ላይም ቀኑንና ሰዓቱን አይርሱ፤ ቀን የሌለው ጽሑፍ ለመዝገብ ቤት እንደማይጠቅም እርስዎ ከማንም ይልቅ ያውቃሉና።